ሦስተኛው ዘይት ቅየራ፣ በራሴ እጅ

ቅዳሜ ጠዋት የቪትዜን ዘይት ለሦስተኛ ጊዜ ራሴ ቀየርኩ። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ወስዶብኝ ነበር። ሁለተኛውን ባላነሳው ይሻለኝ ነበር፣ ግን አነሳዋለሁ።

የገባሁበት ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ነው። ቁጠባው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትልቁ ወጪ ዘይቱና ፊልትሮው ነው፤ ቤት ቀየራችሁም ጋራዥ ሄዳችሁም ትገዙታላችሁ። የሚቀርላችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ቁጥር 14 ቡሶላ (የዘይት ማፍሰሻው ብሎን መፍቻ)፣ ማንቆርቆሪያና ሰፊ ሳፋ ስትገዙ ትመልሱታላችሁ።

ዓይኔን የገለጠው የፈሰሰው ዘይት ነው። በመጀመሪያው ቀን የወጣውን አሮጌ ዘይት የት ላድርገው ብዬ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አመጣሁ። ሁለቱም እስከ አንገታቸው ሞሉ። ሞተሯ 1,000 ሲሲ ነው፤ መመሪያው ደግሞ ከነፊልትሮው 3.1 ሊትር ይበቃታል ይላል። ለካስ ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር ጋሎኑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሲገለብጡባት ኖረዋል! ጋሎኑ 4 ሊትር ስለሆነ 4 ሊትር ይገባል፣ አለቀ። እኔም መካኒኩ «ሙሉ አድርጌልሃለሁ» ሲለኝ አመስግኜ ነበር የምወጣው። ዘይት ሲበዛ ግን ክራንኩ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ) እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት በወጉ አያላስስም።

ውፍረቱም ሌላ ጉድ ነው። «አሮጌ መኪና ወፍራም ይወዳል» ተብዬ 20 ደብሊው 50 ስጠቀም ቆይቻለሁ። የሱሉልታን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስታወቱ ላይ ውርጭ ጋግሮ ታገኙታላችሁ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ነው የሚነግራችሁ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቶሎ ይደርሳል። አሁን መመሪያው የሚለውን 5 ደብሊው 30 ነው የማደርገው። ጠዋት ስትነሳ የነበረው ማንቋረር ቀንሷል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጣውላ ደራርቤ የፊት ጎማዎቿን አወጣቸዋለሁ፣ የእጅ ፍሬን እይዛለሁ፣ ከኋላ ድንጋይ ታኮ አደርጋለሁ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ፤ በዚህ አልደራደርም። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሞቃለሁ። ቀዝቃዛ ዘይት እንደ ማር ነው፣ በጣም የጋለ ደግሞ እጅ ይልጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀን። ፊልትሮውን ፈታሁ፣ አዲሱን አፉን ዘይት ቀብቼ በእጄ አሰርኩ፣ ዘይት ሞላሁ፣ አስነሳሁ። ከሥር ቸር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ስል ወርቅ የመሰለው አዲስ ዘይት ሊሾው ላይ እየተንዠቀዠቀ ነው። በሩጫ አጠፋሁ። አንድ ሊትር ገደማ ሄዷል። ዘይቱ ከመኪናዋ ጎማ ሥር አልፎ የግቢው በር ድረስ ደርሷል።

አስፋልቱ ዳር ያሉትን ሽማግሌ መካኒክ ለመንኳቸው፣ መጡ። አዲሱን ፊልትሮ ፈተው ጣታቸውን ሞተሩ ላይ አዞሩና ቀጭን ጥቁር ቀለበት ይዘው ወጡ።

«የአሮጌው ጎሚኒ ነው። እዚሁ ተጣብቆ ቀርቶ በሁለት ጎሚኒ አስረኸዋል፣ ልጄ።»

ስንት ልክፈል ስላቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ፊልትሮ ስፈታ መጀመሪያ የማየው ጎሚኒው አብሮ መውጣቱን ነው።

መካኒክ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እኚሁ ሰውዬ በዚያው ቀን ከሥር ተኝተው ሳሉ የአክሱሉ (የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ) የላስቲክ ሽፋን መቀደዱን አዩት። እኔ ሁለት ጊዜ እዚያው ሥር ገብቼ ዓይኔ አላረፈበትም። በኮረኮንች መንገድ አቧራ ገብቶበት ቢቆይ አክሱሉን መቀየር ሊመጣ ነበር። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያለችንን መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ አንዱን ቅየራ ቤት፣ አንዱን እሳቸው ጋ ማድረግ ነው። ዘይቱን ግን ራሴ ገዝቼ፣ እሽጉን ዓይኔ እያየ አስከፍቼ፣ የተረፈውን ይዤ እመለሳለሁ።

አሮጌውን ዘይት ሜዳ ላይ አልደፋም፤ ሰፈሩ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ነው። ጎረቤቴ የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላበት ይቀባዋል፣ የተረፈውን ጋራዡ በርሜል ውስጥ እጨምራለሁ።

የቅዳሜው ትርፍ 0.9 ሊትር ነው፣ ከመጀመሪያው ጋር 1.8 ሆኗል። ጋሎኑን አልጋ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። ባለቤቴ «ይሄ ነገር መኝታ ቤት ምን ይሠራል?» ትላለች። ሁለት ቅየራ ታግሠሽ ጠብቂኝ፣ ከዚያ አንዱን ዙር ዘይት ሳልገዛ እቀይራለሁ ብያታለሁ።