ለአሮጌ ሞተርሳይክል ዘይት ስመርጥ እስካሁን የደረስኩበት

የቆየ ሞተርሳይክል ለምትነዱ የሸዋ ልጆች ነው ይሄ። የኔዋ ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። ሞዴሉ በፈረንጆቹ 1976 የወጣ ነው። ዛሬ አገራችን ውስጥ የሚርመሰመሱት ብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች የዚሁ ሞተር ግልባጭ ስለሆኑ፣ የምላችሁ ነገር ለነሱም ይሠራል።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራ ደግሞ በየጊዜው ሸዋ ሮቢት ያወርደኛል። መንገዱን የሚያውቅ ጣጣው ወዲያው ይገባዋል። ጠዋት ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ያውም በታኅሣሥ ውርጭ፣ ሞተር ታስነሣላችሁ። ጣርማ በር ላይ 3,000 ሜትርን ታልፋላችሁ። ከዋሻው ወጥታችሁ ደብረ ሲና ሳትደርሱ ጃኬት ማውለቅ ያምራችኋል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱን አልነግራችሁም። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን የሚችለው ያው አንድ ዘይት ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ ምክሩ አንድ ነው፦ «አሮጌ ናት፣ ሃያ ሃምሳ (20-50) ዘይት አድርግላት»። ግማሹ እውነት ነው። የዘይቱ ቆርቆሮ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቶሎ ይፈሳል። ሁለተኛው ሞተሩ ከጋለ በኋላ የሚኖረው ውፍረት ነው። ሸዋ ሮቢት ለሚያድር ሞተር 20-50 ጥሩ ነው፣ አልከራከርም። ደብረ ብርሃን ግን ሌሊቱን በረንዳ ላይ ያደረች ሞተር ጠዋት ስትነሣ፣ ወፍራሙ ዘይት ከታች ተነሥቶ እስኪደርስላቸው ባልቦላዎቿ ሲንኳኩ ትሰማላችሁ። ወደ 10-40 ከዞርኩ ወዲህ ያ ድምፅ ቶሎ ይጠፋል። ሸዋ ሮቢት ወርጄም ችግር አላየሁም። እኔ አሁን ቁጥር የምመርጠው በሞተሯ ዕድሜ ሳይሆን በምታድርበት ቦታ ነው።

ከቁጥሩ በፊት ግን ሌላ የሚታይ ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። በመኪና የሞተሩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት ለየብቻ ነው። በኛ ሞተር ግን ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) እዚያው አንድ ዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። ለአዳዲስ መኪኖች የሚሠሩ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የሚያንሸራትት ቅመም ይገባባቸዋል። ለመኪናው ደግ ነው፤ ለፍሪሲዮን ጠላት ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ጀርባ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሆነ ሞተርሳይክል የሚሆን ማለት ነው። «ኤምቢ» (MB) የሚለው ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ላልሆነ ስኩተሮች ነው፤ እሱን ተዉት።

ሞተሯን ስገዛ ውስጧ ምን ዘይት እንዳለ ሻጩም አያውቅም ነበር። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ነው ጉዷ የወጣው፤ ነዳጅ ስሰጣት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። የፍሪሲዮኑን ሽቦ አስተካከልኩ፣ ያው ናት። ፍሪሲዮን ይቀየር ተባለ። መጀመሪያ ዘይቱን ልሞክር ብዬ ጃሶ ኤምኤ ያለበትን አስገባሁ። አንዴ ቀይሬ ትንሽ ተሻላት፣ ስደግም መንሸራተቱ ቆመ። የተበላ ፍሪሲዮንን ግን ምንም ዘይት አያድነውም፤ የኔ ገና አላለቀም ነበርና ነው።

ስለ ጭስም ልጨምር። ወፍራም ዘይት ጭስ ይቀንሳል፤ በሽታውን ግን አያድንም፣ ይሸፍነዋል። መንገዳችን ደግሞ ነፃ ምርመራ ነው። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁ ነዳጅ ሳትሰጡ ውረዱ፤ ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ፣ የባልቦላ ጎማውን ጠርጥሩ። ዳገት ላይ በጭነት ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። እንዲህ ከሆነ ለውድ ዘይት የምታወጡትን ብር ለጥገናው አስቀምጡ።

አየሩ ስለሚሳሳ የኛ ከፍታ ላይ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ትርፉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ የቱም ብራንድ አይረዳችሁም፤ ካርቡራተሩን አሠሩ፣ ዘይቱንም ቀይሩ። ስትለኩ ሞተሯን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ መለኪያውንም ሳታጠብቁ እንዲሁ አስገብታችሁ አውጡት። ይቺ ሲጂ የምትይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ሲጎድልባት ብዙ ነው።

ሲንቴቲክ ይሁን አይሁን ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ መጥፎ አይደለም፣ ግን ፓራዎሊዮዋ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) የደረቀ ሞተር ላይ ያንን ብር ማፍሰስ አይታየኝም። መደበኛውን ገዝቼ ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ፤ በ1,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ። መንዝ ድረስ አቧራ በልታ ከተመለሰች ከዚያም በፊት። ሲጂ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ወንፊትና ቆሻሻውን በሽክርክሪት የሚይዝ ክፍል ነው ያላት። ስለዚህ ዘይቱ ራሱ ቶሎ መውጣት አለበት።

ባለሁለት ምቱ ያማሃና ሱዙኪ ያላችሁ፣ የናንተ ነገር ሌላ ነው። ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ባለሁለት ምት ዘይት ለብቻ፣ የካምቢዮው ለብቻ ነው። ጃሶ ኤምኤ የሚያስፈልጋችሁ ለካምቢዮው ነው።

ቀጥሎ የምሞክረው ወንፊቱን አውጥቶ ማጠብ ነው። ጓርኒሲዮኑን (ክዳኑ ሲገጠም መሐል የሚገባውን ማሸጊያ) ካገኘሁ በዚህ ወር እከፍታታለሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚሸጥበትን የምታውቁ ጠቁሙኝ።