የቼስተርን ሱቆች ከጣራ ወደ ታች ማንበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወገኖች። የድሮ ሱቆችን ፊት መሳልና ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ ያረፈው ቼስተር ላይ ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ፣ ሮማውያን የቆረቆሯት ከተማ ናት። መጀመሪያ የሳቡኝ ጥቁርና ነጭ ቤቶቿ ነበሩ። አሁን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ሕንፃ ፊት ቆሞ የትኛው ክፍል በየትኛው ዘመን እንደተሠራ መለየት። የገባኝን ላካፍላችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ልማድ ዓይኔን ከሱቁ መስታወት አንሥቼ ከጣራው መጀመር ነው። ሱቅ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ፊቱም ይለወጣል፤ ታፔላው፣ በሩ፣ መስታወቱ በየጊዜው ይታደሳል። ከዚያ በላይ ላለው ፎቅ ግን ገዢ ስለማያየው ብዙ ገንዘብ አይወጣለትም፤ አሮጌው ነገር እዚያ ይተርፋል። ከሥር ያለው የድንጋይ ምድር ቤት ደግሞ የላዩን ሁሉ የተሸከመ ስለሆነ የሚደፍረው የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አዲሱ መሀሉ ነው።

ብሪጅ ስትሪት 12 ቁጥር ያለው ኩፐር ሀውስ ይህን በደንብ ያሳያል። የእንጨቱ ፊት 1664 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ወደ ምድር ቤቱ ስትወርዱ ግን በድንጋይ ቅስቶች የተደገፈ የመካከለኛው ዘመን ጣሪያ ከራሳችሁ በላይ ይዘረጋል። በሁለቱ መካከል የዛሬው ንግድ ይካሄዳል።

ቼስተርን ልዩ የሚያደርጋት «ሮውስ» የሚባለው አሠራር ነው። በኢስትጌት፣ በብሪጅ፣ በዎተርጌትና በኖርዝጌት ስትሪት ሱቆቹ ሁለት ድርብ ናቸው። ከመንገዱ ጥቂት ደረጃ ወርዳችሁ አንዱ ሱቅ ትገባላችሁ፤ ወይም ደረጃ ወጥታችሁ በአንደኛ ፎቅ ልክ ጣራ ያለው መተላለፊያ ላይ ትደርሳላችሁ፣ እዚያም ሌላ የሱቅ መስመር ይጠብቃችኋል። ዝናብ ሳይነካችሁ ከሱቅ ሱቅ ትሄዳላችሁ። መነሻው 13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለምን እንዲህ እንደተሠራ አጥኚዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ የሮማውያን ፍርስራሽ ከመንገዱ ኋላ ያለውን መሬት ከፍ አድርጎት ስለነበር ነው የሚል ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በመተላለፊያውና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ዘቅዘቅ ያለ ሰፊ የእንጨት መደብ ታያላችሁ። ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ከሥሩ የምድር ቤቱ መግቢያ አለ፤ የሚወርደው ሰው ራሱን እንዳይመታ ጣሪያው እዚያ ጋ ከፍ ማለት ነበረበት፣ ያ ከፍታም ከላይ ሲታይ መደብ ሆነ። ነጋዴዎች ደግሞ ዕቃቸውን ዘረጉበት። ይህ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ሕንፃውን ከጎን እንደተሰነጠቀ አድርጌ ስስለው ነው። ለምትስሉ ሁሉ የምመክረው ይኼንኑ ነው፤ ፊቱን ብቻ አትሳሉ፣ ጎኑንም ሰንጥቃችሁ ሳሉት።

አሁን ወደ ጥቁርና ነጩ። የጥንቱ አሠራር ከእኛ ጭቃ ቤት ብዙም አይርቅም፤ ቋሚና አግዳሚ እንጨት ይዋቀራል፣ ክፍተቱ በጭራሮ ተጠልፎ በጭቃ ይመረጋል። አሮጌው እንጨት በእጅ የተጠረበ ነው፣ ጎበጥ ቀና ይላል፣ መጋጠሚያው ላይ የእንጨት ሚስማር ጫፍ ይታያል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ግን ቀጥ ያለ፣ እኩል የተከፋፈለና ቅርጻ ቅርጹ የበዛ ነው። ዓይን የሚስበው ደማቅ ጥቁር ቀለም ራሱ በአብዛኛው የዚያ ዘመን ምርጫ ነው። በብሪጅና በኢስትጌት ስትሪት ማዕዘን ላይ ያለው፣ ፖስትካርድ ሁሉ ላይ የሚታየው ሕንፃ በ1888 በአርክቴክት ቶማስ ሎክውድ የተሠራ ነው። አንዳንዶች ይህን «አስመሳይ» ይሉታል፤ እኔ አልስማማም። ሎክውድ ያንን ማዕዘን ሲያዞረው ያሳየው ጥበብ የራሱ ነው፣ መተላለፊያውንም አላቋረጠም።

ዎተርጌት ስትሪት ላይ ያለው ጎድስ ፕሮቪደንስ ሀውስ ደግሞ አሮጌም አዲስም ነው። አግዳሚው እንጨት ላይ «የእግዚአብሔር መግቦት ርስቴ ነው» የሚል ቃል ከ1652 ጋር ተቀርጿል። ቤቱ ግን በ1862 በጄምስ ሃሪሰን እንደገና የተሠራ ነው፣ ከድሮው እንጨት ከፊሉን መልሶ ተጠቅሞ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው ቢሾፕ ሎይድስ ሀውስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቀረጹ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች አሉት። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሰሜን ያዞሩ ስለሆኑ ፀሐይ እምብዛም አያገኛቸውም፤ ቅርጹን ለመሳል ደመናማ ቀን ይመረጣል።

የሴንት ማይክልስ ሕንፃ ታሪክ ደግሞ ዓመት መገመትን የሚፈትን ነው። በ1910 ሲሠራ ፊቱ በሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ ተለበጠ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ባለንብረቱ የዌስትሚንስተር ዱክ በዓመቱ የመንገዱን ፊት አስነሥተው በጥቁርና ነጭ እንጨት አስቀየሩት። ሴራሚኩ በመተላለፊያው ደረጃ ዛሬም አለ። እዚህ «አሮጌ» የሚመስለው ከ«ዘመናዊው» በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው።

ስለ መስታወትም ትንሽ ልበል፣ በየትኛውም የእንግሊዝ ከተማ ስለሚሠራ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙው የመስኮት መስታወት በአፍ ተነፍቶ፣ እየተሽከረከረ ክብ ሳህን ሆኖ ከተዘረጋ በኋላ ይቆረጥ ነበር፤ ትልቅ ቁራጭ ስለማይወጣው የሱቅ መስኮት በቀጫጭን እንጨት የተከፋፈለ ነው። የመስታወት ቀረጥ በ1845፣ የመስኮት ግብር በ1851 ሲነሡ ሰፋፊው መስታወት ረከሰ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የሱቅ ፊቶች እንጨታቸው አነሰ፣ ብርሃናቸው በዛ። መስታወቱ አጠገብ ቆማችሁ ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ፤ ውስጡ የሚታየው የማዶው ቤት ከተወላገደ በእጅ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። የሳህኑ መሀል፣ ያ ወፍራሙ እብጠት፣ በርካሽ የሚሸጥ ትራፊ ነበር። በየቁራጩ እብጠት ያለበት የሱቅ መስኮት ካያችሁ ጥንታዊ ለመምሰል በኋላ የገባ መሆኑን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ የምሄደው ወደ ሎወር ብሪጅ ስትሪት ነው። እዚያ መተላለፊያው ብዙ ቦታ ተዘግቷል። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1643፣ ሪቻርድ ግሮቭነር ቤታቸውን ለማስፋት ፈቃድ ጠይቀው በፊታቸው የሚያልፈውን መተላለፊያ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ሌሎችም ተከተሉ። የግሮቭነር ቤት ዛሬ «ፋልከን» የሚባለው ሕንፃ ነው። የተዘጋውን መተላለፊያ ከውጭ ከመስኮቶቹ ከፍታ መለየት ይቻል እንደሆነ ቤት በቤት ልስል አስቤአለሁ። አብሮኝ መውጣት የሚፈልግ ካለ ሱቆች ከመከፈታቸው በፊት ብንገናኝ ጥሩ ነው። ዎተርጌት ስትሪት ላይ ለመሳል ደግሞ መንገድ ላይ አትቁሙ፤ ከማዶ ያለው መተላለፊያ ላይ ውጡ፣ ከላይኞቹ ፎቆች ጋር ፊት ለፊት ትሆናላችሁ።