አዲስ ጨርቅ ገዝቶ ድሪቶ

ትናንት ማታ ማዳበሪያውን ከአልጋ ስር ጎትቼ አወጣሁት። 3 ዓመት እዚያ ተኝቷል። ውስጡ ጀምሬ የተውኩት ሳምፕለር ኩዊልት አለ። ለማያውቀው፣ ኩዊልት ጨርቅ ቆራርጦ በመገጣጠም የሚሰራ የአልጋ ልብስ ነው፤ ሳምፕለር የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ ብሎክ፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ተሰፍቶ ከሌሎቹ ጋር የሚገጠመው አራት ማዕዘን፣ የራሱ ንድፍ ሲኖረው ነው። (ብሎክ ስል የኮንዶሚኒየሙን አይደለም። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ይህን ማብራራት አለበት።) የእኔው 12 ብሎክ ሊኖረው ነበር፣ እያንዳንዱ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። 7 ላይ ቆመ።

ያቆመኝ ስስቴ ነው። ያኔ ኩዊልት ማለት የተገኘውን ሁሉ መግጠም ይመስለኝ ስለነበር ሰፈር ካለው ልብስ ሰፊ የተረፈውን ቁርጥራጭ ለቃቅሜ አመጣሁ፤ የዩኒፎርም ትራፊ፣ የሱፍ ሱሪ ጫፍ፣ ገበር፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ቀይ ነገር። ሲሰፋ ያምር ነበር። ሳጥበው ጥጡ ተኮማተረ፣ ፖሊስተሩ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ብሎኩ ሁሉ ተጨማደደ። ቀዩ ቀለሙን ለቆ ነጩን ሮዝ አደረገው። ካውያ ሳሳርፍበት ደግሞ አንዱ ቀለጠ። አሁን ለመወልወያ እንኳ አይሆኑም፣ ፖሊስተር ውሃ አይመጥም።

ቅዳሜ መርካቶ ሄድኩ። ከእኛ ሰፈር መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀን ሙሉ ነው፣ ጭቃው ሲጨመርበት ደግሞ አይነሳ። በዚህ ዙር ጥጥ ብቻ፣ ቀለሙም 4 ብቻ ብዬ ወስኛለሁ፦ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ የእርድ ቢጫ፣ ለመደቡ አቡጀዲ። ብትን ጨርቅ ቤቱ ውስጥ ባለሱቁ "ንጹህ ጥጥ ነው እህቴ፣ ልዋሽሽ?" አለኝ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ብን ይላል። ይሄኛው ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ሆነ። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ አወረደልኝ።

ቤት እንደገባሁ ሳልቆርጥ ሁሉንም በሙቅ ውሃ አጠብኩ። ሰማያዊው ሁለቴ ቀለም ለቀቀ፣ በሦስተኛው ውሃው ጠራ። አቡጀዲው ከ3 ሜትሩ አንድ ስንዝር በላብኝ። ይብላ፣ ከተሰፋ በኋላ ከሚበላኝ ይሻላል።

በቀላሉ ጀመርኩ፣ ዘጠኝ ካሬ 3 በ3 የሚገጠምበት ብሎክ። እያንዳንዱን ካሬ 11.2 ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩ፣ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 10 ይቀራል። ቀላል ይመስላል አይደል? በ6 ፋንታ 8 ላይ ከሰፋሁ ግን በአንድ ስፌት 4 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፣ በረድፉ ሁለት ስፌት ስላለ ብሎኩ 8 ያጥራል፣ ከዚያ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። የድሮዎቹ እንዲህ ነበር የተጣመሙት፣ እኔ ጨርቁን ብቻ ስወቅስ ኖሬያለሁ። አሁን ሲንጀሯ ብረት ላይ ለክቼ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፣ የጨርቁ ጠርዝ እሱን ተጠግቶ ይሄዳል። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። የእጅ ሲንጀር ስለሆነች ግድ አልሰጣትም፣ በሻማ ጨረስኩት።

ጠዋት እማዬ ጠረጴዛው ላይ አየችው። ዝም ብላ ገለባበጠችው። "ሰው ድሪቶውን ይጥላል፣ አንቺ ሙሉ ጨርቅ ገዝተሽ ቆራርጠሽ ድሪቶ ትሰሪያለሽ?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እሷ ድሪቶ የምታውቀው ሌላ ስለሌለ የሚለበስ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ "ይሄ እኮ ጥበብ ነው" ልላት ስል አፌ ላይ ይቀራል። ደግሞ ትንሽ እውነት አላት። በቁርጥራጭ ስጀምረው ቢያንስ ቁጠባ ነው እል ነበር።

"ሜትሩን ስንት ገዛሽው?" አለችኝ ወጥታ ስትሄድ። ግማሹን ቀንሼ ነገርኳት። ኩዊልት ከላዩና ከስሩ መሃል የሚሞቅ ነገር ይገባበታል፤ የእሷን አሮጌ ጋቢ ለዚያ እንዳሰብኩት ገና አልነገርኳትም።