የቅዳሜ ማታው ሜዳ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! የዶሮው ድስት ወርዷል፣ ልጆቹም ተኝተዋል። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው።

ትናንት ከሥራ ስመለስ በማናሳስ፣ ቨርጂኒያ በኩል አለፍኩ። ኦልድ ዶሚኒየን ስፒድዌይ የነበረበት ቦታ አሁን የመኖሪያ ሰፈር ነው። በየበረንዳው የገና መብራት በርቷል፤ ያምራል። ሆዴ ግን ባር ባር አለኝ። ከ60 ዓመት በላይ ሲያጓራ የኖረው የመኪና ውድድር ሜዳ በፈረንጆቹ 2012 ዝም አለ።

ወደዚያ የወሰደኝ ጋራዥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ መካኒክ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው መኪና ይጠግናል፣ ቅዳሜ ማታ የራሱን ይነዳል። በሮቹ በብየዳ የታሸጉ ስለሆኑ በመስኮት እግሩን አስቀድሞ ሾልኮ ይገባል። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር በብሩሽ የጻፈችለት ባለቤቱ ናት። እኔ ክሪክና ጎማ አቀብላለሁ። የመጀመሪያው ቀን የኋላ ጎማዎቹን ሳይ የተሳሳተ መሰለኝ፤ የቀኙ ከግራው ይተልቃል። «ሁሌ የምንታጠፈው ወደ ግራ ነው፤ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው የቀኙ ነው» አለኝ። ጎሚስታ ቤት ነው ያደግኩት፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

አንዱ ዙር 600 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መኪኖቹ አንድ ላይ ሲለቀቁ የያዝኩት አጥር እጄ ውስጥ ይንዘረዘራል። የጎማው ሽታ ጃኬቴ ላይ እስከ ማክሰኞ ይሰነብት ነበር።

ከ1958 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት የናስካር፣ የአሜሪካው የመኪና ውድድር ማኅበር፣ ትልቁ ውድድር ሳይቀር እዚያ ተካሂዷል። በ1966 ያሸነፈው ኤልሞ ላንግሊ የዚሁ የዋሽንግተን አካባቢ ሰው ነበር። ውድድር ካቆመ በኋላ ተወዳዳሪዎቹን ከፊት ሆኖ የሚመራውን የአዘጋጆቹን መኪና (ፔስ ካር) ለዓመታት ነዳ። በ1996 ጃፓን፣ ሱዙካ ላይ፣ ያንኑ መኪና እየነዳ ሳለ ልቡን ታመመና አረፈ።

እዚህ አገር ታክሲ እየነዳችሁ ልጅ ላሳደጋችሁ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ዌንዴል ስኮት የዳንቪል፣ ቨርጂኒያ ልጅ ነው። ጥቁር ነው፤ ታክሲ ይነዳ ነበር። መኪናውን ራሱ ጠግኖ ራሱ ይወዳደራል። ዲሴምበር 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ላይ የናስካርን ትልቁን ውድድር አሸነፈ። ባንዲራው የተውለበለበው ግን ለሌላ ሰው፣ ለነጭ ነበር። ዋንጫውንም ያው ነጩ ወሰደ። «አሸናፊው አንተ ነህ» የተባለው ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ነው። ስኮት በ1990 መጨረሻ፣ የኛ ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረፈ፤ ቤተሰቡ ዋንጫ የተቀበለው በ2021 ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ያ የጃክሰንቪል ሜዳም ዛሬ የለም።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? እኔ ይህን አባባል በዓይኔ ያየሁት ማናሳስ ነው። ዙሩ ላይ የተጋጩ ሁለት ሰዎች ወርደው ይጯጯሃሉ፣ ሊደባደቡ ይደርሳሉ። እኩለ ሌሊት ላይ የገጨው ባትሪ እያበራለት የተገጨውን ፓራውልት አብረው ሲያቃኑ አይቻለሁ። አንዱ ትልቅ ድርጅት ያለው፣ ሌላው ደግሞ በሰዓት የሚከፈለው ነበር።

በ2016 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ቶርንበርግ ላይ አዲስ የውድድር ሜዳ ተከፍቷል። ጥሩ ነው፣ ወጣቶቹ ይንዱበት። የኔ መካኒክ ግን አልሄደም። መኪናው ቤቱ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

አንድ ጊዜ እኛ ቤት ዶሮ ከበላ ወዲህ በየዓመቱ ጃንዋሪ 7 ይደውልልኛል። ዛሬም ጠዋት ደወለ። «መልካም ገና» አለኝ በአማርኛ። ቀጥሎ «አንዴ ጠብቅ» አለ፤ ሸራው ሲገፈፍ ተሰማኝ። ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ሞተሩን አስነሣው።