የአክስቴ መጋዘን ካሜራዎች ሲመሽ ለምን ይጠፉ ነበር?

አክስቴ ቃሊቲ አካባቢ የእህል መጋዘን አላት። ስምንት የአናሎግ ካሜራ፣ ማለትም ምስሉን በኔትወርክ ሳይሆን በቆየው የቪዲዮ ኬብል የሚልክ፣ አስገጥማ ነበር። ቀን ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ልክ ሲመሽ ግን ከጓሮ ያሉት ሁለቱ ይጠፋሉ፣ ይመጣሉ፣ ደግሞ ይጠፋሉ። ገጣሚው ሁለት ጊዜ መጥቶ ካሜራ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ደወለችልኝና «ልጄ፣ ሌባው የሚመጣው ማታ፣ ካሜራው የሚተኛው ማታ፤ ምን ይሻላል?» አለችኝ።

ሥራዬ የቢሮ ኔትወርክ መዘርጋት ነው፤ ካሜራ ብዙም ነክቼ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቼ የጓሮውን ካሜራ ፓወር ለካሁ። ቢሮ ካለው ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልት ይወጣል፤ 60 ሜትር ተጉዞ ካሜራው ጋ ሲደርስ 10 ሆኗል። ከዚያ የካሜራውን ፊት በመዳፌ ሸፈንኩት። የመሸ መሰለውና የማታ አምፖሎቹ ደብዘዝ ያለ ቀይ አበሩ። ቴስተሩ ወደ 8 ወረደ፣ ካሜራው ጠፋ። ሲጠፋ የሚስበው ነገር ስለሌለ ቮልቱ ተመልሶ ወደ 12 ወጣ፣ ካሜራው እንደገና ተነሳ፣ አምፖሉ በራ፣ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያደርግ የሚያድረው ይህንኑ ነበር።

ገጣሚው ለፓወር የተጠቀመው ከኔትወርክ ኬብል ውስጥ አንድ ጥንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ደርሶ መልስ 120 ሜትር ነው፤ ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን (ሬዚስታንስ) ወደ 10 ኦም ይሆናል። ካሜራው ቀን 0.2 አምፒር፣ ማታ ደግሞ እጥፉን ሲስብ ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ወፍራም ሽቦ ስቤ እጨርሰው ነበር። አናሎግ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉን ነገር ነቅሎ ከመጣሉ በፊት መጀመሪያ ቮልቱን ይለካ።

እኔን ምስሉን በኔትወርክ ኬብል ወደሚልክ የኔትወርክ ካሜራ የወሰደኝ የመብራት መጥፋት ነው። ዲቪአሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀዳው ሳጥን፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራው ዩፒኤስ ላይ ነበር፤ የካሜራዎቹ ፓወር ሰፕላይ ግን ሌላ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር መቅጃው ባዶ ጥቁር ምስል ሲቀዳ ከርሟል። ይህን ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት። አክስቴ እኮ ገንዘቧን ያወጣችው ለዚያች ጨለማ ሰዓት ነው።

ፒኦኢ የሚባለው አሠራር ምስሉንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ የኔትወርክ ኬብል ያስኬዳል። የሚልከው 48 ቮልት አካባቢ ስለሆነ 5 ዋት የሚበላ ካሜራ 0.1 አምፒር ገደማ ቢስብ ይበቃዋል። በ60 ሜትር የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ያህል ነው፤ ከ48 ላይ ምንም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ግን ተሸወድኩ። በርካሽ የገዛሁት «ፒኦኢ» የተባለ ሳጥን 24 ቮልት ዝም ብሎ የሚለቅ ሆኖ ካሜራው አልነሳም አለ። ትክክለኛው ስዊች፣ ማለትም የካሜራዎቹ ኬብሎች የሚሰኩበት የኔትወርክ ሳጥን፣ መጀመሪያ በትንሽ ቮልት ይፈትሻል፤ ከወዲያ በኩል 25 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ሲያገኝ ነው ፓወር የሚለቀው። ስለዚህ ስትገዙ ጀርባው ላይ 802.3ኤኤፍ ወይም 802.3ኤቲ የሚል ፈልጉ። የመጀመሪያው በአንድ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) እስከ 15.4 ዋት፣ ሁለተኛው እስከ 30 ይሰጣል። የስዊቹን ጠቅላላ ዋትም እዩ። የኔ ባለ 8 ፖርት ቢሆንም ለሁሉም በድምሩ ያለው 60 ዋት ብቻ ነው። ካሜራዎቼ ማታ ቢበዛ 7 ዋት ስለሚበሉ ስድስቱን በቀላሉ ቻለ።

ስድስቱን ያልኩት የበሩን ሁለት ስላልነካሁ ነው። በሩ ከቢሮው 140 ሜትር ይርቃል፤ የኔትወርክ ኬብል ደግሞ 100 ሜትር ላይ ያበቃል። የአናሎግ ካሜራዎቹ የቆየው የቪዲዮ ኬብል፣ ኮአክሲያል የሚባለው፣ ያንን ርቀት ያለ ችግር ይሄዳል። እዚያ አሮጌዎቹን አውርጄ በዚያው ኬብል 1080 ጥራት ያለው ምስል የሚያሳዩ አዳዲስ አናሎግ ሰቀልኩ። ፓወሩን ከጥበቃ ቤቱ ሰጥቼ ትንሽ ባትሪ አደረግኩላቸው። መቅጃው ሁለቱንም ዓይነት የሚቀበል ነው። አናሎግ ያለፈበት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለዚያ በር ዛሬም እሱኑ እመርጣለሁ።

አሁን ስዊቹና መቅጃው አንድ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ሁሉም ተደምሮ ከ60 ዋት ስለማይበልጥ መብራት ሲጠፋ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። አንድ ካሜራ ቢደርቅም ቃሊቲ ድረስ አልሄድም፤ ፖርቱን ከስልኬ አጥፍቼ አበራዋለሁ። ጉዳቱ ደግሞ ስዊቹ ከሞተ ስድስቱም አብረው መጥፋታቸው ነው። ስለዚህ አንድ ትርፍ ስዊች ገዝቼ አክስቴ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዱ ካሜራ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ወጥቼ ሳየው የኬብሉ ጫፍ ውሃ ገብቶበት ፒኖቹ አረንጓዴ ሆነዋል። ኤሌክትሪክና እርጥበት ሲገናኙ መዳቡን ይበሉታል። ጫፉን ቆርጬ አዲስ አሰርኩ፣ ውሃ የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ኬብሉንም ወደ ታች አጎንብሼ አስገባሁት፤ ጠብታው ሳይገባ ወደ መሬት እንዲወርድ። የቀሩትን አምስቱንም በዚያው ቀን ከፍቼ አየኋቸው።