ከስድስተኛው መስኮት በስተግራ

በባንክ ገንዘብ ከፋይነት በሠራሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ሒሳብ ጎድሎብኝ ከደመወዜ ከፍያለሁ፤ የተጭበረበረ ቼክ ያቀረበ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲያልበው አይቻለሁ፤ ሲስተም በተቋረጠባቸው ቀኖችም የአዳራሹን ሁሉ ቁጣ በአንዲት መስኮት ተቀብያለሁ። እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ግን አንድ ሳንቲም ያልጎደለበት፣ ከሁለት ደቂቃም ያልበለጠ ጉዳይ ነው።

የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ይከብደኛል ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አይሰማም። ሰባት ዓመቴ ላይ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ፣ ጉንጬ አብጦና በሻሽ ታስሮልኝ ሁለት ሳምንት ያህል ተኛሁ፤ እብጠቱ ሲጎድል የግራ ጆሮዬም አብሮት እንደሄደ እኔም ሆንኩ ቤተሰቦቼ አላወቅንም። ጆሮ ደግፍ አልፎ አልፎ የጆሮን ውስጠኛ ክፍል ጎድቶ መስማትን ያጠፋል፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚሆን፣ ልጁ በደህናው ጆሮው እየሰማ ማንም ሳያውቅበት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የእኔ የታወቀው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከክፍለ ሀገር የደወለች አክስቴን እንዳነጋግር ጎረቤት ቤት ተጠርቼ ሄድኩና የስልኩን እጀታ በግራ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «ስልኩ ተበላሽቷል» አልኩ። እናቴ እጀታውን ተቀብላ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ስታዞረው አክስቴ እየሳቀች ነበር።

ሐኪሙ የነርቭ ጉዳት ስለሆነ አይመለስም ካለ በኋላ፣ ገና ከሆስፒታሉ በር ሳንወጣ እናቴ «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። አልፈርድባትም። ደንቆሮ የሚለው ቃላችን ጆሮው የማይሰማውንም ነገር የማይገባውንም በአንድ ስም ይጠራል፤ እሷም ልጇ በዚያ ስም ተጠርታ ከትምህርትም፣ ከሥራም፣ ከትዳርም እንዳትቀር ፈርታ ነው። እኔም ታዘዝኩ። ክፍል ውስጥ የግራውን ግድግዳ ተደግፌ ተማርኩ፤ ታክሲ ውስጥ በሹፌሩ በኩል ያለውን መስኮት ያዝኩ፤ ከጓደኛ ጋር ስሄድ ጓደኛዬ ሁልጊዜ በቀኜ እንድትሆን እግሬ ራሱ ቦታ መቀየር ለመደ። ስቀጠር የሞላሁት ቅጽ «የአካል ጉዳት ካለ ይገለጽ» ሲለኝም «የለም» ብዬ ፈረምኩ።

አንድ ጆሮ ካለሽ ምን ቸገረሽ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በጸጥታ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰው በእርግጥ ይበቃል። ነገር ግን አእምሯችን ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሁለቱን ጆሮዎች አነጻጽሮ ነው፤ በአንደኛው በኩል ከሌላው ከሺህ አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ቀድሞ መድረሱንና ከፍ ብሎ መሰማቱን ይመዝናል። አንድ ጆሮ ብቻ ላለው ድምፅ አለ፤ አድራሻ ግን የለውም። በዚያ ላይ በማይሰማው ጆሮ በኩል የሚነገረውን ነገር ራሱ ጭንቅላታችን ይጋርደዋል፤ ወፍራሞቹ ድምፆች ዞረው ሲደርሱ እንደ ሰ፣ እንደ ፈ፣ እንደ ተ ያሉት ቀጫጭኖቹ መንገድ ይቀራሉ። ለገንዘብ ከፋይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ በሰባት ሺህና በሰባ ሺህ መካከል ያለችው አንዲት ት ናት። ስለዚህ ደንበኞቼን «እባክዎ በወረቀት ይጻፉልኝ» እያልኩ ኖርኩ፤ አንዳንዱም «እየነገርኩሽ!» ብሎ እየተቆጣ ጻፈልኝ።

ነገሩ የደረሰው በጥር ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ደመወዝና ጡረታ በአንድ ላይ በሚወጣበት ሳምንት ነው። ወቅቱ የኮሮና ስለነበረ ሰው ሁሉ ማስክ አድርጓል፤ ሳላስተውል ለዓመታት ስደገፍበት የኖርኩት የከንፈር እንቅስቃሴ በጨርቅ ተሸፍኗል። እኔ ደግሞ ወደ ስድስተኛው መስኮት ከተዛወርኩ ገና አሥር ቀኔ ነበር። ስድስተኛው የመጨረሻው መስኮት ሲሆን በቀኜ ግድግዳና እየተንገጫገጨ የሚሠራው የገንዘብ መቁጠሪያ ማሽን፣ በግራዬ ደግሞ አምስቱ መስኮቶች፣ አዳራሹና በሩ ነበሩ። ደህናው ጆሮዬ ማሽን ያዳምጣል፤ ዓለም በሙሉ በማይሰማው ጆሮዬ በኩል ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ሲያዛውረኝ ቦታ ቀይርልኝ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝና ዝም ብዬ ተዛወርኩ።

ጥበቃችን አዛውንት ሲመጡ ተራ ሳያስጠብቅ በጎን ያሳልፋቸው ነበር። ያን ቀን ያሳለፋቸው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከመስታወቱ ግራ ጥግ ቆመው «ልጄ» ብለው ጠሩኝ። እኔ የመቶ ብር እስር እየቆጠርኩ ነው። ደገሙ፤ ሠለሱ። በመጨረሻ በከዘራቸው እጀታ መስታወቱን ኳኳ ሲያደርጉ ኳኳታውን ሰማሁና ቀና አልኩ፤ ቀና ብዬም ድምፁ የመጣ ወደመሰለኝ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከዚያ ማንም እንደሌለ አይቼ ወደ ቆጠራዬ ተመለስኩ።

ይህን ከሰልፉ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሆነው ነገር ግልጽ ነው፤ አንዲት ወጣት አባቷ የሚሆኑ ሰው ሦስት ጊዜ ሲጠሯት ዝም ብላ፣ መስታወት ሲያንኳኩባት ደግሞ ሆን ብላ ፊቷን አዞረችባቸው። «ኧረ ጀርባ ሰጠቻቸው!» ያለች ሴት ነበረች አሉ፤ «ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይህ ነው» ያለም፣ «ወንበር ሰው ያበላሻል» ያለም ነበር። አሉ የምለው ሁሉንም የነገረችኝ በአምስተኛው መስኮት የምትሠራው ባልደረባዬ ስለሆነች ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት ለሰው ሁሉ ይሠራል፤ ለእኔ ግን ትንሽ ይበዛል። እኔ የተረዳሁት ከፊቴ ያለው ደንበኛ ደብተሩን ወርውሮልኝ «ሽማግሌውን እኮ አባረርሻቸው» ሲለኝ ነው። ቀና ስል ከበሩ የሚወጣ ቡናማ ካፖርትና ከዘራ ብቻ አየሁ።

ማታ ሒሳብ ዘግተን ስንጨርስ ሥራ አስኪያጁ የአስተያየት መዝገቡን ከፍቶ ጠበቀኝ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ሳያምታታ የተጻፈ፣ አራት ነጥቡ እያንዳንዱ ለብቻው የተተከለ፣ የድሮ መምህር እጅ ነበር። «በ6ኛው መስኮት የተቀመጠችው ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ጠርቻት ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች፤ ጭራሹንም ፊቷን አዙራብኛለች። የልጅቷን አስተዳደግ እጠይቃለሁ።» ይላል። አስተዳደግ ሲል እናቴ ናት የተጻፈችው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ አላየኋቸውም» አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ አላየኋቸውም አልኩ እንጂ አልሰማኋቸውም የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ወጣሁ።

ባልደረባዬ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ። «ታዲያ ሲጠሩኝ ለምን አልነካሽኝም?» ስላት ትንሽ አመነታችና «እኔም ያው ጸባይሽ ነው ብዬ ነው፤ እኔንም እኮ ስንቴ ጠርቼሽ ዝም ብለሽኛል» አለችኝ። ሦስት ዓመት አብረን ምሳ በልተናል። በልቤ ለዘመናት የያዝኩት ስሌት የፈረሰው ያኔ ነው። ደንቆሮ ከምባል ኩሩ ልባል የሚለውን ማንም አልጫነብኝም፤ ዋጋውን የምከፍለው እኔው ነኝ፣ ሐሜቱም የሚመጣው በእኔው ላይ ነው ብዬ ራሴው የመረጥኩት ነበር። ለካ ባልደረባዬ ሦስት ዓመት እንደተናቀች እያሰበች ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ሽማግሌውም በሙሉ አዳራሽ ፊት ተዋርደው፣ ጉዳያቸውም ሳይፈጸም ቤታቸው ገብተዋል። በሰልፉ የነበሩትንም ብዙ መክሰስ አልቻልኩም፤ ያዩትን አይተዋል። ችኩልነታቸው ግን ዛሬም ያናድደኛል። አንድ ሰው እንኳ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢለኝ ኖሮ!

በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። መጀመሪያ «አንቺ? ምንም አትመስዪም እኮ!» አለ፤ ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ነው። ቀጥሎ ከወንበሩ ተነሥቶ በግራ ጆሮዬ አጠገብ ጣቱን ቀጭ አደረገና «ይሄ ይሰማሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ፈተና ያልፈተነኝ የነገርኩት ሰው የለም፤ ምናልባት ዓይነ ስውር ፊት ጣት ደቅኖ ስንት ነው ብሎ እንደመጠየቅ መሆኑ አይታወቃቸውም። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ተመራ፤ የክፍሉ ኃላፊም ማኅደሬን ገልጠው «ሲቀጠሩ የለም ብለው ፈርመዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሐኪም ማስረጃ እንዳመጣ ተነገረኝና ወደ ከአንገት በላይ ሕክምና ሄድኩ፤ ድምፅ በማያስገባው ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ተደርጎልኝ፣ ስሰማ ቁልፍ እየተጫንኩ ተመረመርኩ። የቀኙ መስመር በወረቀቱ አናት ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የግራው ከታች ጥግ፣ እጅግ የጎላ ድምፅ በሚመዘገብበት ከ90 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በኋላ ተወሽቋል። ሃያ ሦስት ዓመት የደበቅሁትን ነገር በአንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ።

በአንድ ጆሮ አለመስማት አካል ጉዳት ነው ወይ በሚለው ላይ ጥቂት ተከራከርን። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው እ.ኤ.አ. 2021 ባወጣው ምደባ የአንድ ወገን አለመስማት የራሱ መደብ አለው። የእኛው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ የስሜት ሕዋስ ጉዳትን በትርጉሙ ያካትታል፤ አሠሪው ከአቅሙ በላይ ጫና የማይፈጥርበት እስከሆነ ድረስ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ያዛል። እኔ የጠየቅሁት ከስድስተኛው መስኮት ወደ አንደኛው መዛወር ነው፤ ወጪው ወንበሬን የመግፋት ያህል ነው። «ከበላይ እስኪወሰን ጠብቂ» ተባልኩ።

ሽማግሌው በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። መስኮቴን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ወደ አዳራሹ ወጣሁና እሳቸው በቀኜ እንዲሆኑ ዞሬ ቆምኩ። «አባቴ፣ ያን ቀን የጠሩኝ በማይሰማው ጆሮዬ በኩል ነበር፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በግራ በኩል አልሰማም» አልኳቸው። ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ያዝኑልኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ተቆጡ። «ታዲያ ይህን እኔ በምን ልወቅ? ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሰሌዳ የማይታየውን ልጅ ከፊት፣ የማይሰማውን ከጎኔ አስቀምጥ ነበር፤ ግን ልጁ ወይም እናቱ ሲነግሩኝ ነው» አሉ። የጻፍኩትን ልሰርዝልሽ ይሉ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ «አልሰርዘውም፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አሉና መዝገቡን አስመጡ። ከቀድሞው ሥር በዚያው ቀጥ ባለ ፊደል አዲስ ቀን ጽፈው «ከላይ የተጠቀሰችው ሠራተኛ በግራ ጆሮዋ እንደማትሰማ ተረድቻለሁ። ይህን እያወቀ በዚያ ጥግ ያስቀመጣት ኃላፊ ምክንያቱን እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ።» ብለው ፈረሙ።

በሁለተኛው ቀን አንደኛው መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። አዋጁ ሳምንት ሙሉ ያልገፋውን ወንበር የአንድ ደንበኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ገፋው፤ በዚህ ደስ ልሰኝ ወይስ ልዘን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። አሁን አዳራሹ በሙሉ በቀኜ ነው፤ ግድግዳው ለግራዬ ተትቷል። በመስታወቱ ላይም «በግራ ጆሮዬ ስለማልሰማ እባክዎ ከፊት ለፊቴ ሆነው ያነጋግሩኝ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። የወረቀቱ ጣጣ ብቻውን ሌላ ገጠመኝ ይወጣዋል። «ይማርሽ» ብሎ የሚያልፍ አለ፤ አንድ ነጋዴ ደግሞ ለእኔ አዝኖ «ሦስት መቶ ሺህ ላወጣ ነው!» ብሎ ሲጮህ ጥበቃው ሮጦ መጥቷል። ባልደረባዬ ስትፈልገኝ አሁን ትከሻዬን ትነካለች።

እናቴ የመጣችው የዕድር ገንዘብ ልታስገባ ነው። ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም ነበር። ተራዋ ደርሶ ከመስታወቱ ፊት ስትቆም መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ እያንዳንዱን ቃል አነበበች። እኔ ብር መቁጠሬን ትቼ ፊቷን ብቻ አያለሁ። መነጽሯን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ወደ ማኅደሩ ከተተችና ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች።

«ፊደሉ አነሰ» አለችኝ፤ «ለሽማግሌ ዓይን አይታይም።»