ፓምፑ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቃጠለው?

ጎንደር ሆቴል ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ከከተራ በፊት ያለው ሳምንት እንቅልፍ የለም። ፋሲል መዋኛ ለሚከበረው ጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ቀድሞ አልጋ ይይዛል፣ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው፣ ለከተማው ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው እየሰፋ ሁሉም ያለው ተስፋ ሮቶና ፓምፕ ላይ ነው።

እኔ ያኔ የአንድ ሆቴል ስቶር ላይ ነበርኩ። ፓምፑ ተቃጠለ፣ የሞተሩን ኮይል፣ ማለት የመዳብ ሽቦውን፣ አስጠቀለልነው ሠራ፣ ደግሞ ተቃጠለ፣ አዲስ ተገዛ፣ እሱም ተቃጠለ። መልስ ግን ሞልቷል፣ አንዱ መብራቱ እየዋዠቀ ነው ይላል፣ አንዱ ዕቃው ፎርጅድ ነው ይላል፣ ሌላው የጠቀለለው ልጅ አላወቀበትም ይላል። ስብሰባ ተጠራና የተነሳው ጥያቄ "ማነው ተጠያቂው?" ሆነ። ቤቱ ጭጭ አለ። እንዲህ ተጠይቆ ማን ይናገራል?

ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ ጥገና ላይ የተቀጠረች ልጅ ነበረች፣ እጇን አውጥታ "ይቅርታ ጋሼ፣ ፓምፑ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቃጠለው?" አለቻቸው ማናጀሩን። ማንም አያውቅም። "የተቃጠለ ተቃጥሏል፣ ሰዓቱ ምን ያደርጋል" ያለም ነበር። እሷ ግን ወጥታ በቀጥታ ዘበኛው ጋ ሄደች፣ ነክተውታል ወይ አላለችም፣ "ጋሼ፣ ሌሊት እዚህ ነው የሚያድሩት፣ ከመቆሙ በፊት ምን ይሰማዎታል?" ነው ያለችው።

"ድምፁ ይለወጣል ልጄ" አሏት። "ውሃ ሲስብ ወፈር ያለ ነው፣ ያን ለት ግን ያፏጫል፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። የመንግሥት ውሃ ሳይመጣ የሰነበተ ለት ነው ሁልጊዜ።"

አለቀ። ወርዳ የታችኛውን ሮቶ ከፈተችው፣ ውሃ ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ የፍሎተሩ ሽቦ ዳይሬክት ተደርጓል፣ ማለት ፍሎተሩ ታልፎ ሽቦው በቀጥታ ተገናኝቷል። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ጎድያለሁ ሲል ፓምፑ ይነሳል፣ ታች ውሃ ባይኖርም የሚያቆመው የለም፣ ደረቁን ይዞራል። ፓምፕን የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሚስበው ውሃ ነው፣ ውሃ ሲያጣ ወደ ሞተሩ ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋው ማሸጊያ (ሲል የሚባለው) ግሎ ይበላሻል፣ ከዛ በኋላ ውሃ ሲመጣ ወደ ሞተሩ ይገባና ኮይሉን ያቃጥለዋል። እኛ ኮይሉን ብቻ እያየን ነበር የምናስጠቀልለው።

በጣም የወደድኩላት ቀጥሎ የጠየቀችውን ነው። ማን ዳይሬክት አደረገው ማለት ትችል ነበር፣ እሷ "ይሄ ዳይሬክት ሲደረግ ምን ቸግሮ ነበር?" አለች። ቧንቧ ሠራተኛው ራሱ ወጣና ነገራት፣ ፍሎተሩ ተጣብቆ እምቢ ብሎ፣ እንግዳ ውሃ አጣሁ እያለ እየጮኸ፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ "ለዛች ማታ ብዬ ነው" አለ፣ ከዛ በሥራው ብዛት ተረሳ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እንግዳ እንዳይቸገር ነው ያደረገው፣ በስብሰባው ጥያቄ ቢሆን ግን እስከ ዛሬም አይናገርም ነበር።

ፍሎተሩ ተቀየረ፣ ዋጋው ከአንድ ጥቅለላ ጋር አይወዳደርም፣ ከተራን በውሃ አደርን።

እኔም ከሷ ወሰድኩ። በቀደም ከላውንደሪ "ብሬከሩ ተበላሽቷል አዲስ ይውጣልን" የሚል መጠየቂያ መጣ፣ ከመፈረሜ በፊት "የሚወርደው ምን ስትሠሩ ነው?" አልኳት ያመጣችውን። ቆም ብላ አሰበችና "ካውያውን ከማሽኑ ጋር ስንሰካ ነው እኮ" አለችኝ። ካውያው ሌላ መስመር ላይ ተሰካ፣ ብሬከሩ እዛው አለ።